የመገበሪያው ዱቄት

ዓርብ ሰኔ ስምንት ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. ጠዋት በቄሰ ገበዝ አካለ ወልድ ደጅ አራት ሰዎች ነበሩ። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው፣ ቀኝ እጃቸው ተሰብሮ በሻሽ የታሰረው እማሆይ ወለተ ኪዳን፣ ከባሏ ሞት ወዲህ ጥቁሯን ያላወለቀችው ያለምወርቅ እና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጇ የብርጓል። በመካከላቸው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ አራት ጣሳ ስንዴ ተቀምጧል። ያለምወርቅ ከጠጠሩ ለቅማ፣ ሁለቴ አጥባ፣ ዝናብ እንዳያገኘው ሦስት ቀን ሙሉ በእሳት ዳር ያደረቀችው ነው።

«እንግዲህ እማሆይን እያየሻቸው ነው» አሉ ቄሰ ገበዙ ለያለምወርቅ። «ሃያ ዓመት የፈጩት እሳቸው ነበሩ። አሁን በዚህ እጅ መጅ አይያዝም።»

«አዳለጠኝ እንጂ አላረጀሁም» አሉ እማሆይ ቆጣ ብለው። «ይች የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጭቃ ናት ጉድ የሠራችኝ።»

«ልጄ ትፈጫለች፣ አባ» አለች ያለምወርቅ።

ቄሰ ገበዙ የብርጓልን ትኩር ብለው አዩዋት። «ትችያለሽ?»

«እችላለሁ፣ አባ።»

«ፈጭተሽ እስክትጨርሺ እህል ውኃ በአፍሽ አይዞርም። ጸጉርሽን ትሸፍኛለሽ። ወሬ አይወራበትም። በእጅሽ ትፈጫለሽ እንጂ ሞተር ቤት አይሄድም። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ታደርሺልኛለሽ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሰንበት ነው፤ ወፍጮ አይነካም።»

«ሞተሩ ምን ያደርገዋል፣ አባ? ስንዴው ያው ስንዴ ነው።»

እናቷ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ቄሰ ገበዙ ግን አልተቆጡም። «ያ ሞተር ጠዋት ባቄላ ይበላል፣ ከሰዓት አተር። ለቁርባን የሚቀርበው ስንዴ ብቻ ነው፤ ሌላ አይገባበትም።» ቀጥለውም፦ «ይህን ደግሞ እኔ ያወጣሁት አይምሰልሽ። እኔ ብሆን ኖሮማ የእማሆይን ጉልበት ባየሁ ጊዜ ገና ድሮ ለሞተሩ እሰጠው ነበር።»

መጪው እሑድ የእንዳላማው አርባ ነው። እንዳላማው፣ የያለምወርቅ ባል፣ እንደ ዋዛ በጀመረው ሳል ሁለት ወር ተኝቶ ግንቦት ልደታ ዕለት ተቀበረ። በዚያ ደብር እያንዳንዱ ቤት ለቅዳሴ የሚሆነውን ስንዴ፣ መገበሪያውን፣ በየተራው ያቀርባል። የእነሱ ተራ ከአርባው ጋር ገጠመ። ያለምወርቅ ይህን የሰማች ቀን በለቅሶ የደረቀ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። «በእጁ የዘራው የመጨረሻው ስንዴ ነው። በዚያው ይቀደስለታል» እያለች ለመጣው ሁሉ ትናገር ነበር። ሌላ የሚያጽናናት ነገር አልነበራትም።

ለየብርጓል ግን ከእሑድ ቀጥሎ ሰኞ አለ። ሰኞ፣ ሮብ ገበያ በምትባለው ከተማ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትቀመጣለች። አባቷ ሲታመም አስታምማለች፣ ሲሞት ለቅሶ ተቀምጣለች፤ ከትምህርት የቀረችባቸውን ቀናት መቁጠር እንኳ ትታለች። የሒሳብ መጽሐፉ የጓደኛዋ የሂዊ ነው፤ እሱም ዛሬ ማታ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

ጸጉሯን በነጠላ ሸፍና፣ አማትባ፣ ወፍጮው ላይ ተንበረከከች። መጀመሪያ እጇ ፈጣን ነበር። አንዴ ከክካ፣ ሁለተኛ መልሳ፣ ሦስተኛ እስኪልም ስትፈጭ ግን ቀኑ እንደ ድንጋዩ ከበዳት። መዳፏ ውኃ ቋጠረ፤ ቋጠሮውም ፈነዳ። ደሙ ዱቄቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ በጨርቅ ጠቅልላ ቀጠለች። ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ተጣበቀ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የተፈጨው አንድ ጣሳ ብቻ ነበር።

ሂዊ በሩን ከፍታ የገባችው ያን ጊዜ ነው። «የብሬ! እስካሁን ገና ነሽ?»

የብርጓል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ውይ! አፍሽንም አሰሩት?» ሂዊ መደቡ ላይ ተቀምጣ መጽሐፉን ገለጠች። «አልጀብራው እንዳለ ነው እኮ። አብረን እንሠራለን ብለሽኝ አልነበር? እኔ ሰኞ ጎበዝ መስዬ ስገባ አንቺ በመጅ ልትፈተኚ ነው?»

የብርጓል ሳቋን ልትውጠው ፈለገች፤ አመለጣት። ከሳቁም በኋላ ቃሉ አመለጣት። «ሦስት ጣሳ ቀርቶኛል» አለች።

«ሦስት?! እናትሽስ?»

«ጠላ ልታጠልል ጎረቤት ሄዳለች። እኔ ደግሞ የተዝካሩን አተር ሞተር ቤት ማድረስ አለብኝ።»

ሂዊ ጥግ ላይ የቆመውን የአተር ከረጢት አየችው፤ ቀጥሎ ስንዴውን አየች። ገና ምንም ሳትናገር የብርጓል የምትላትን አውቃው ነበር።

«አይሆንም» አለች።

«ምን አልኩ? አተሩን ለማስፈጨት መሄድሽ ካልቀረ ብዬ ነው። በሩብ ሰዓት ያልቃል።»

«አይሆንም አልኩሽ። አባ በእጅ ብለዋል።»

«አንዱን ጣሳ በእጅሽ ፈጭተሽ የለ? አታካብጂ። ዱቄት ላይ ስም አይጻፍበትም።»

የብርጓል መጁን እንደገና ያዘች። ሦስት ጊዜ ገፋችው። በአራተኛው የመዳፏ ቆዳ ከጨርቁ ጋር ተላጠ። ተነሣችና ስንዴውን በሌላ ጨርቅ ቋጠረች። አይ ልብ! እምቢ ሲል ጮኾ ነው፤ እሺ ሲል ግን ድምፅ የለውም።

ሞተር ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ነበር። ፈጪው ደመላሽ እስከ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ ብቅ አለ። «የጋሽ እንዳላማው ልጅ! ነፍስ ይማር። የቱን ላስቀድምልሽ?»

«ስንዴውን» አለች ሂዊ ፈጥና።

«አሁን የፈጨሁት ባቄላ ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን እፍኝ ለዶሮ ድፉት፤ ሌላው ይጠራል።» ደመላሽ የሞተሩን ጉሮሮ በጥፊ መታ መታ አደረገው። «እንግዲህ ዳቦው ሲደርስ አትርሱኝ!»

የምን ስንዴ እንደሆነ አላወቀም፤ ማንም አልነገረውም። ዱቄቱ ልሞ፣ ሞቆ ወረደ። የብርጓል የመጀመሪያውን እፍኝ ደፋችው፤ ሁለተኛውንም ደፋች። ሦስተኛውን ስታሸተው ያው ባቄላ ባቄላ አለ፣ ቀጭን ሆኖ፣ እንደ ሩቅ ቤት ወጥ። ከዚህ በላይ ከደፋች ግን ልኩ ይጎድላል።

ቤት ስትደርስ ሦስቱን ጣሳ በእጇ በፈጨችው ላይ ገለበጠች። ከዚያ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም። በወንፊት ነፋችው፤ ውኃም ጠጣች። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ከሂዊ ጋር ሒሳብ ሠሩ። ኤክስ ስንት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣላት፤ ደስ አላት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ እናትና ልጅ ዱቄቱን ይዘው ቄሰ ገበዙ ደጅ ደረሱ። እማሆይ ወለተ ኪዳን እዚያው ነበሩ። ቄሰ ገበዙ ገና ጨርቁን ሳይፈቱ የየብርጓልን የተጠቀለለ እጅ አዩ።

«እንዲህ ተልጠሻል?» አሉ። «በእጅሽ ነው እንግዲህ የፈጨሽው።»

የብርጓል ወደ መሬት አየች። «አዎ፣ አባ።»

ቁስሉ የእውነት ነበር። ውሸቱ እንዲቀልላት ያደረገውም እሱ ነው።

እማሆይ በግራ እጃቸው ቆንጥረው በጣቶቻቸው መሃል አሹት። «ይኸስ ከእኔም በለጠ። አየሽ፣ ያለምወርቅ? ለጋ ጉልበት እንዲህ ነው።» ያለምወርቅ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቄሰ ገበዙ ዱቄቱን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጉና ጥቂት ቆዩ። ከዚያ የልጅቱን እጅ እንደገና አይተው ጨርቁን መልሰው ቋጠሩ። በመስቀላቸው ግንባሯን ሲነኩት ብረቱ ቀዘቀዛት።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ከጮቄ ወርዶ ቤቱን እስከ በሩ ድረስ ዋጠው። ዘመዶች ከይጁቤ እየረጠቡ መጡ። የየብርጓል ታናሽ ወንድም አምደሚካኤልም ከቄስ ትምህርት ቤት ለአባቱ አርባ መጥቶ ነበር። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ የተማረውን ለዘመድ ካላሳየ እንቅልፍ አይወስደውም።

«እስኪ የዚህን ሳምንት ትምህርትህን ንገረን» አለው አንዱ አጎት።

አምደሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «የአሮን ልጆች ናዳብና አብዩድ ካህናት ነበሩ። ጥናቸውን ይዘው፣ ዕጣን ጨምረው፣ ወደ እግዚአብሔር ፊት ገቡ። ያቀረቡት ግን እሱ ያላዘዛቸውን ሌላ እሳት ነበር። ከእግዚአብሔር ፊት እሳት ወጥቶ በላቸው።»

«እሰይ!» አሉ ዘመዶቹ።

የብርጓል ሰሐን ይዛ እንደቆመች ቀረች። «ዕጣኑ ዕጣን ከሆነ ምን አጠፉ?» አለች።

«እሳቱ ነዋ ሌላ።»

«እሳት እሳት አይደል? ከየትም ይምጣ።»

«እኔም የኔታን እንደዚሁ ብዬ ጠይቄ በኩርኩም ብለውኛል» አለ አምደሚካኤል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ኮስተር አለ። «ኋላ ግን ነገሩኝ። ሌቦች አልነበሩም አሉ፤ ጣዖትም አላመለኩም። እንደተመቻቸው ገቡ እንጂ እንደታዘዙት አልገቡም። አሮን ግን ልጆቹ ሞተውበት ዝም አለ።»

«ዝም አለ?»

«ዝም አለ። እንዲህ ነው የተጻፈው።»

የብርጓል ሰሐኑን አስቀምጣ ወጣች። ከቤቱ ጀርባ እንጨት ለመሸከም የመጣችውን ሂዊን አገኘቻት።

«ልነግራቸው ነው» አለቻት።

«ለማን? ምኑን?» ሂዊ እንጨቱን ጣለችው። «እብድ ነሽ? ትናንት ቢሆን እሺ። ዛሬ ሰንበት ነው፤ ሌላ ስንዴ ቢገኝ ማን ይፈጨዋል? ቅዳሴው ይቀራል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«የአባትሽ አርባ ነው! እናትሽ እዚያ ውስጥ ለሰው ምን እያለች እንደሆነ ሰምተሻል? ስንዴው የእሱ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ስትናገር ሰምቻታለሁ። ዝም ብትዪ ማን ያውቃል? እኔ አልናገር። ደመላሽ የምን ስንዴ እንደሆነ እንኳ አያውቅም።»

«ሰው አይደለም ያስፈራኝ።»

ሂዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ። እኔን አብረሽ ትናገሪያለሽ?»

«የተሸከምኩት እኔ ነኝ» አለች የብርጓል። «አዎ ያልኩትም እኔ።»

መንገዱ አጭር ነበር፤ እሷ ግን ረጅም እንዲሆን ፈለገች። ዝም ብትል ነገ የሚሆነውን አንድ በአንድ ታየዋለች። ደወሉ ይደወላል፤ የአባቷ ስም ይጠራል፤ እናቷ ተጽናንታ ትመለሳለች። ሁሉም ያማረ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ወደ እግዚአብሔር የሚገባው አባቷ በዘራውና እሷ ባበላሸችው ስንዴ ነው፤ እሷም ይህን እያወቀች በደጅ ትቆማለች። «በአባቴ ስም እንዴት?» አለች ጮክ ብላ። 

ከደጀ ሰላሙ ጫማዋን አወለቀች። ጭቃው በጣቶቿ መሃል ገባ። ቄሰ ገበዝ አካለ ወልድ ዱቄቱን ይዘው ወደ ቤተልሔም፣ ኅብስቱ ወደሚጋገርበት ጎጆ፣ እየሄዱ ነበር። ወደዚያ ካህንና ዲያቆን ካልሆነ ማንም አይጠጋም። የብርጓል ሩቅ ቆመች።

«አባ!»

ዞሩ። «ምነው ልጄ? ለአርባው የጎደለ ነገር አለ?»

«እሱን አያስገቡት።»

ቄሰ ገበዙ ወደ እሷ መጡ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ አንዱን ጣሳ፣ ሦስቱን ጣሳ፣ ባቄላውን፣ መቀላቀሏን። የሂዊን ስም አላነሣችም። ስትጨርስ ቄሰ ገበዙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ጥምጥማቸውን አረጠበው፤ ዱቄቱን ግን በጋቢያቸው ሸፈኑት።

«ትናንት ሸትቶኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እጅሽን አይቼ አፍንጫዬን ተቆጣሁት። እኔም ብጠይቅሽ ይሻል ነበር።»

«አሁን እፈጫለሁ፣ አባ። ሌሊቱን ሙሉ እፈጫለሁ። በእጄ።»

«ሰንበት ነው።»

«ለአባቴ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። እንዳላማው አብሮ አደጌ ነበር፤ ከእናንተ በላይ አዘንኩ አልልም፤ እኔም ግን አዝኛለሁ።» ጋቢያቸውን በዱቄቱ ላይ አጠበቁት። «አንዱን ያጠፋነውን ሌላ በማጥፋት አናቃናውም። እኔ የዚህ ደጅ ጠባቂ ነኝ፤ የቤቱ ጌታ አይደለሁም። ማዶ ወዳለው ደብር ሰው እልካለሁ። የተፈጨ ካላቸው ያበድሩናል።»

ሁለቱም አዳመጡ። ወንዙ ከታች እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ሰው የሚሻገረው ወንዝ ድምፅ አልነበረም።

«ነፍሱስ ምን ትሆናለች?» አለች የብርጓል።

«አምላክ በአርባ አስቦ በአርባ አንድ የሚረሳ አይደለም። ስለዚያ አታልቅሺ።»

«እናቴስ?»

ቄሰ ገበዙ የጋቢያቸውን ጫፍ ሲጨምቁ ቆዩ። «ነገ ለሕዝቡ መገበሪያ አልደረሰም እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ማንም ከእኔ አይሰማም። ለእናትሽ ግን ሊነገራት ይገባል። እኔ ልምጣና ልንገራት?»

የብርጓል አሰበች። እሳቸው ከነገሯት እናቷ በካህን ፊት አትጮኽም፤ እሷም በር ላይ እንደቆመች ነገሩ ያልፋታል። ቄሰ ገበዙ ለመነሣት በትራቸውን ያዙ።

«አይ፣ አባ» አለች። «እኔ እነግራታለሁ።»

ቤት ስትደርስ ያለምወርቅ ከዘመዶቿ ተለይታ ነጩን ነጠላዋን ታጥፍ ነበር፤ ለነገ ከጥቁሩ ላይ የምትደርበውን። የልጇን ባዶ እግርና የረጠበ ቀሚስ አየች። «ከየት ነሽ አንቺ? ምነው?»

«እማዬ፣ ወደ ጓሮ ነይ» አለች የብርጓል። «የምነግርሽ አለ።»

እሑድ ሰኔ ዐሥር ቀን በዚያ ደብር ቅዳሴ አልተቀደሰም። ወደ ማዶ የተላከው ሰው ወንዙ ሞልቶበት ከመንገድ ተመለሰ። ካህናቱ በእንዳላማው መቃብር ላይ ፍትሐት አደረጉ፤ ተዝካሩ ተበላ፤ ያለምወርቅ ልጇን አላነጋገረቻትም። ሰኞ የብርጓል ሮብ ገበያ ሄዳ ተፈተነች። የእንዳላማው ቅዳሴ በአርባ ሰባተኛው ቀን ተቀደሰ። ስንዴውን የፈጨችው የጎረቤት ልጅ ነበረች።